ያገለገለ ባለ 12 ክር ጊታር፦ የሚወራውና እውነታው

ያገለገለ ባለ 12 ክር አኩስቲክ ጊታር ልትገዙ እንደሆነ ጊታር ለሚጫወት ሰው ንገሩት። ብዙ ጊዜ መልሱ "ይቅርብህ!" ነው። ከዚያ ምክንያት ይደረድራል። አንዳንዱ እውነት አለበት፣ አብዛኛው ግን ሰምቶ ያወራው ነው። እኔ ደግሞ ከአዲሱ ያገለገለውን ነው የምመርጠው፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

"ለመጫወት እጥፍ ይከብዳል።"

እጥፍ እንኳን አይደለም። ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ ጣታችሁ ሁለቱን እንደ አንድ ክር ይይዛቸዋል። በባለ 6 ክሩ የምታውቁት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሁሉ እዚህም ያው ነው። አንገቱ ሰፋ ይላል፣ ጣት ጠንከር አድርጎ መጫን አለበት። ባሬ ኮርድ (አንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ አጋድሞ የሚጫንበት) መጀመሪያ ላይ እጅ ያዝላል፣ እሱን አልደብቅም።

"ተጨማሪዎቹ ክሮች ድምፁን ለማጉላት ብቻ ናቸው።"

ይሄኛው ያናድደኛል። ወፍራሞቹ አራት ጥንዶች እያንዳንዳቸው አንድ የተለመደ ክርና አንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ፣ ግን በቀጭን ድምፅ) ከፍ ብሎ የሚቃኝ ቀጭን ክር አላቸው። የቀሩት ሁለቱ ቀጫጭን ጥንዶች ግን እኩል ነው የሚቃኙት። ሁለት ክር ደግሞ የቱንም ያህል ቢቃኝ ፍጹም አንድ አይሆንም፤ ያቺ ትንሽ ልዩነት ናት ድምፁን የምታንሳፍፈው። የሚገርመው፣ ከሁሉም ክር ከፍ ብሎ የሚቃኘው ዳር ላይ ሳይሆን መሃል ነው፦ በሦስተኛው፣ ጂ (G) በሚባለው ኖታ በሚቃኘው ጥንድ ውስጥ ያለችው ቀጭኗ ጂ። ለዚህ ነው ተራ ኮርድ መትታችሁ ሁለት ሰው አብሮ የተጫወተ የሚመስላችሁ። ቶሎ ቶሎ የምትበጠሰውም እሷ ስለሆነች መለዋወጫ ይኑራችሁ።

"ሲቃኙት መዋል ነው።"

ግማሽ እውነት። ጊዜ ይወስዳል፣ በተለይ አዲስ ክር ሲገባ። ግን የጊታሩ ጭንቅላት ላይ የሚቆነጠጥ ቱነር (ቅኝቱን የሚያሳይ መሣሪያ) ካለና ከጥንዱ አንዱን በጣት አፍናችሁ ሌላውን ከቃኛችሁ ያን ያህል አይደለም። ደግሞ ወደ መደበኛው ቅኝት የማድረስ ግዴታ የለባችሁም። በባለ 12 ክር ጊታር ስሙ የገነነው አሜሪካዊው ዘፋኝ ሌድ ቤሊ (1888–1949) ከመደበኛው በጣም ዝቅ አድርጎ ነበር የሚቃኘው። አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት ዘንጎች አንዱ) ላይ ካፖ (ክሮቹን አንገቱ ላይ ቆንጥጦ የሚይዝ መያዣ) ብታደርጉ መደበኛው ድምፅ ተመልሶ ይመጣል፣ አንገቱም ያርፋል፣ ጣታችሁም ያመሰግናችኋል።

"ያገለገለ ባለ 12 አንገቱ ጎብጧል፣ አትንኩት።"

ዋናው ፍርሃት ይሄ ነው፤ መሠረትም አለው። ባለ 6 ክር ጊታር ላይ ክሮቹ አንድ ላይ ወደ 70 ኪሎ አካባቢ ይስባሉ፣ ባለ 12ቱ ላይ ግን ከ100 ኪሎ ያልፋል። ይህን ጉልበት እንጨትና ሙጫ ለዓመታት ሲሸከሙ አንገቱ ወደ ፊት ሊያዘነብል፣ ከብሪጁ (ክሮቹ ሳጥኑ ላይ ከሚታሰሩበት እንጨት) ጀርባ ያለው ጣውላ ሊያብጥ፣ ብሪጁም ከኋላ ሊነሳ ይችላል። ግን እስቲ አስቡት፦ አዲሱ ጊታር ይህን ፈተና ገና አልተፈተነም። ለዓመታት ተወጥሮ ኖሮ ዛሬም ቀጥ ያለው ግን አልፎታል፣ ያላለፈውም ጉዱን መደበቅ አይችልም።

ስለዚህ እዩት። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ፍሬቶቹ ላይ አጋድማችሁ ወደ ብሪጁ ስደዱት፤ ጫፉ የብሪጁን እንጨት አናት ጠረግ አድርጎ ማለፍ አለበት። ከአናቱ በታች ከተጋጨ አንገቱ ተነቅሎ እንደገና መገጠም ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ውድ ሥራ ነው። ከብሪጁ ኋላ ቀጭን ወረቀት ሞክሩ፣ ከገባ ሙጫው ለቋል። በ12ኛው ፍሬት ላይ ወፍራሙ ክር 2.5 ሚሊሜትር አካባቢ ከፍ ቢል ጥሩ ነው። ከፍታው 4 ደርሶ ብሪጁ ላይ ያለው ነጭ አጥንት ደግሞ ተሞርዶ ካለቀ፣ ወይ ዋጋው በደንብ ይውረድ ወይ ደህና ሁኑ። ትንሽ እብጠት ግን ጤነኛ ነው፣ አትደንግጡ።

ክሮቹን አላልቶ የሚያሳይ ሻጭ ካጋጠማችሁ እዚያው ወደ ሙሉ ቅኝት አውጡትና ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ቸኩሎ ከሆነ ችግሩ የሱ ነው።

"ትራስ ሮዱን ስታጠብቀው ሁሉም ይስተካከላል።"

አይስተካከልም። ትራስ ሮድ፣ ማለትም አንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ፣ የአንገቱን ጉብጠት ነው የሚቆጣጠረው፣ አንገቱ ከሳጥኑ ጋር የተገጠመበትን ማዕዘን አይነካም።

"የተጫጫረ ነው፣ ድምፁም ሞቷል።"

ጭረት ድምፅ አያበላሽም፣ ዋጋ ነው የሚቀንስላችሁ። ስንጥቅ ሌላ ነገር ነው፤ እሱም በደንብ ከተጣበቀ ይይዛል። የሞተው ድምፅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የዛጉ ክሮች ናቸው። ብዙ ሰው ባለ 12 ይገዛና መቃኘት ሰልችቶት አልጋ ስር ይከተዋል፤ ለዚህ ነው ፍሬቱ ያልተበላ ያገለገለ ጊታር የሚገኘው። አዲስ ክር አስገብታችሁ የመጀመሪያውን ጂ ኮርድ ስትመቱ፣ ሻጩ ምን እንደሸጠ አለማወቁ ይገባችኋል። እውነቱን ለመናገር ከግዢው ደስታ ግማሹ ይሄ ነው!

"ሁሉንም ክር በአንዴ ካወለቅክ አንገቱ ይሰበራል።"

አይሰበርም። እንዲያውም አውልቁት፣ የጣት ሰሌዳውን በደንብ አጽዱ። ስትመልሱ ብቻ ቀስ በቀስ ወጥሩ።

"ለማጀቢያ እንጂ ለሌላ አይሆንም።"

አሜሪካዊውን ጊታሪስት ሊዮ ኮትኬን አዳምጡ። ባለ 12ቱን በጣቶቹ እየነጠለ ነው የሚጫወተው፣ ያውም በፍጥነት። ክር ጎትቶ ማስለቀስ ላይ ግን ተስፋ አትጣሉበት፣ ለዚያ ባለ 6ታችሁን አትሽጡ።