የጥርስ ሙሌት ሬዚን፦ ኬሚስትሪውና ባሕርዩ

በዛሬው የጥርስ ሕክምና የተቦረቦረን ጥርስ የጥርሱን ቀለም በሚመስል ቁስ ለመሙላት በሰፊው የሚያገለግለው ኮምፖዚት ነው። ኮምፖዚት ሬዚን ከተባለ ፈሳሽና በውስጡ ከተበተነ ደቃቅ የመስታወት ብናኝ ይሠራል፤ ሐኪሙ ጉድጓዱ ውስጥ ሲያስቀምጠው ለስላሳ ሲሆን ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት በሰከንዶች ውስጥ ይጠጥራል።

የዚህ ቁስ ዋና ፈተና መኮማተር ነው። ቀደም ሲል ያገለግል የነበረው ሜቲል ሜታክሪሌት የተባለ ሬዚን ብቻውን ሲጠጥር ከይዘቱ 21 በመቶ ያህሉን ያጣል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ራፋኤል ቦወን እ.ኤ.አ. በ1962 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘበት ቢስ-ጂኤምኤ የተባለ ሬዚን ግን ሞለኪውሉ ትልቅ በመሆኑ በአንድ መጠን ውስጥ የሚያያዙት ጫፎች ያንሳሉ፤ መኮማተሩም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ የሃይድሮክሲል ቡድኖቹ (ከኦክሲጅንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ የሞለኪውሉ ክፍሎች) እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ከማር ይልቅ ይወፍራል፤ ስለዚህ ቴግዲኤምኤ በተባለ ትንሽ ሞለኪውል ይቀጥናል። መቅጠኑ ብናኙን በብዛት ለመጨመር ቢያስችልም፣ ማቅጠኛው ሲበዛ መኮማተሩ ተመልሶ ይጨምራል።

ብናኙ ጥንካሬ የሚሰጠው ከሬዚኑ ጋር ሲጣበቅ ነው። ይህን የሚፈጽመው ሳይሌን የተባለ አያያዥ ውሁድ፣ ብዙም ባይወራለትም፣ ከቅንብሩ እጅግ ወሳኙ ክፍል ነው፤ በአንድ ጫፉ መስታወቱን፣ በሌላው ሬዚኑን ይይዛል። መስታወቱ ባሪየም ካለበት ሙሌቱ በራጅ ላይ ይታያል።

መጠጠሩን የሚያስጀምረው ካምፎርኪኖን የተባለ ቢጫ ውሁድ ነው። 468 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ከዋጠ በኋላ አሚን ከተባለ ረዳት ውሁድ ጋር ተጋግዞ ነፃ ራዲካሎችን (ከሌሎች ጋር ፈጥነው የሚዋሃዱ ቅንጣቶችን) ያመነጫል፤ እነርሱም የሬዚኑን ድርብ ትስስሮች እየከፈቱ ሰንሰለት ያደርጓቸዋል። ሁሉም ድርብ ትስስሮች ግን አይያያዙም፤ ብርሃኑ ጥልቀት በገባ ቁጥር ስለሚደክም፣ የተለመደው ኮምፖዚት 2 ሚሊሜትር ገደማ በሆኑ ንብርብሮች እየተደረበ ይጠጥራል። አየር የሚነካው ገጽ ደግሞ ኦክሲጅን ራዲካሎቹን ስለሚያመክን የሚያጣብቅ ሆኖ ይቀራል፤ ይህም ለቀጣዩ ንብርብር መያያዣ ይሆናል።

የዛሬው ኮምፖዚት መኮማተር በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው፤ ሙሌቱን ከጥርሱ ጠርዝ ለማላቀቅ ግን ይበቃል። ስለዚህ ሙሌቱ ከጥርሱ ጋር በደንብ መጣበቅ አለበት። ተመራማሪው ማይክል ቡኖኮር እ.ኤ.አ. በ1955 እንዳሳየው፣ በፎስፎሪክ አሲድ የታሸ ኢናሜል (የጥርስ ጠንካራ የውጭ ሽፋን) ሬዚን የሚገባባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያወጣል፤ ዛሬ አሲዱ 37 በመቶ አካባቢ ነው። ከኢናሜል ሥር ያለው ዴንቲን ግን እርጥብና ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን የበዛበት ስለሆነ መጣበቂያው በጊዜ ብዛት ይደክማል፤ ጠርዙ ከላላም ባክቴሪያ ሾልኮ በሙሌቱ ሥር አዲስ መበስበስ ሊያስከትል ይችላል።