ለሥጋ ወደሙ መብቃትና የእግዚአብሔር ቸርነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በአብዛኛው አጥቢያችን ካህናቱ ድርገት ሲወርዱ፣ ማለትም ሥጋ ወደሙን (የጌታን ሥጋና ደም) ሊያቀብሉ ሲወጡ፣ የሚቀርቡት እናቶቻቸው ያቀፏቸው ሕፃናትና በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ናቸው፤ በመካከል ያለነው ግን ቅዳሴውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመን አስቀድሰን፣ ነጠላችንን እንዳጣፋን ባለንበት እንቀራለን። ምክንያታችንም «ገና አልበቃሁም» የሚል ነው።

ይህ ፍርሃት ከንቱ ነው አልልም። ካህኑ በቅዳሴው መካከል በልቡ ቂም የያዘ፣ ዝሙትም ያለበት እንዳይቀርብ አጥብቆ ያስጠነቅቃል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ሳይገባው የሚበላና የሚጠጣ የጌታ ሥጋና ደም ዕዳ እንዳለበት ጽፏል (1ኛ ቆሮ. 11፥27)። ነገር ግን ሐዋርያው በዚያው ምዕራፍ የወቀሳቸው የቆሮንቶስ ሰዎች ምን አድርገው እንደ ነበር እናስተውል፤ ያላቸው የየራሳቸውን እራት ቀድመው እየበሉ እስኪሰክሩ ሲጠጡ፣ ምንም የሌላቸው ወንድሞቻቸው ተርበውና አፍረው ይቀሩ ነበር። መድኃኒቱንም ሲያዝዝላቸው «ሰው ግን ራሱን ይፈትን» ካለ በኋላ «እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ» ብሎ ጨመረ። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ቂመኛው ቂሙን ትቶ እንዲቀርብ የተነገረ ነው፤ ቂሙን እንደያዘ ከቁርባን ርቆ በሰላም እንዲኖር ማንም አልፈቀደለትም።

ደግሞስ በቅቶ የቆረበ ማን ነው? ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» (የተቀደሰው ለቅዱሳን ነው) ሲል ሕዝቡ ስለ ራሱ ቅድስና አንዲት ቃል አይመልስም፤ «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ» ይላል እንጂ። ከመቀበል በፊት የሚጸለየውም ጸሎት «ከቤቴ ጣሪያ በታች ትገባ ዘንድ አይገባኝም» የሚል ነው፤ ጌታም ይህን ቃል አስቀድሞ የተናገረውን የመቶ አለቃ እምነት አደነቀ እንጂ አላራቀውም (ማቴ. 8፥8-10)። እንደማይገባው አውቆ የሚቀርበውን ሰው የሚቀበለው ደሙን «ስለ ኃጢአት ይቅርታ» ያፈሰሰው ጌታ ራሱ ነው።

ይህ ቸርነት ንስሐን አይሽርም፤ ይልቁንም ለንስሐ ድፍረት ይሰጣል። ንስሐ ለመግባት እርጅናን የሚጠብቅ ወጣት ያን ዕድሜ ከማን ተቀብሎ ነው? የንስሐ አባት የሌለን በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአጥቢያችን ካህናት አንዱን ቀርበን እንጠይቅ፤ ያለን ደግሞ ያስቸገረንን ኃጢአት ሳንሸሽግ እንንገረው። የተጣላነውን አስቀድመን እንታረቅ፤ የንስሐ አባታችን የሚሰጠንን ቀኖና ፈጽመን እርሱ ሲፈቅድልንም 18 ሰዓት ጾመን እንቅረብ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።