ወተትን ማስተማር፣ ወተትን ማጥናት፦ በሐዋሳ

በሐዋሳ የምግብና የወተት ሳይንስ ትምህርት መነሻው የግብርና ኮሌጁ ነው። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1976 ተከፈተ። በኋላ በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ፤ ያ ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። የመምህርነቱ እርከን ከሌሎቹ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አይለይም። በመጀመሪያ ዲግሪ ምሩቅ ረዳት፣ በማስተርስ ሌክቸረር፣ በዶክትሬት ረዳት ፕሮፌሰር ይኮናል። ከዚያ በላይ የሚያወጣው የጥናት ሥራ ነው።

ዋናው ነገር ግን ላቦራቶሪው ውስጥ ነው። የላም ወተት 87 በመቶ ገደማ ውሃ ነው፤ ተማሪው የሚለፋው በቀሪው ላይ ነው። የቅባት መጠን በገርበር ዘዴ ሲለካ ማየት ደስ ይላል። 10 ሚሊ ሊትር ሰልፈሪክ አሲድ አንገቱ ጠባብ በሆነ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። ወተቱ ቀስ ተብሎ ከላይ ይፈስሳል፤ ጥቂት አሚል አልኮል ይጨመራል። ሲነቀነቅ ብርጭቆው እጅ እስኪፈጅ ይግላል፣ ፈሳሹም ቡና ይመስላል። አሲዱ ፕሮቲኑን አሟሟው ማለት ነው። በማሽን ተሽከርክሮ ሲወጣ ቅባቱ ጥርት ብሎ አንገቱ ላይ ይቆማል። ቁጥሩን ማንበብ ብቻ ይቀራል።

እናቶቻችን ይህንን ሳይንስ በእጃቸው ያውቁታል። ቅሉን በወይራ ያጥናሉ። ጭሱ ጀርሞችን ያዳክማል፣ መዓዛም ይሰጣል። ወተቱ ሲረጋ ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይቀይሩታል። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ6.6 ገደማ ወደ 4.6 ሲወርድ ኬዚን የሚባለው ፕሮቲን ይሰባሰባል። እርጎው ተንጦ ቅቤው ይወጣል። አሬራው ለስለስ ባለ እሳት ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። እሳቱ ከበዛ አይቡ ይደርቃል፤ ይህን ለማወቅ ቴርሞሜትር የሚፈልግ የቤት እመቤት አላየሁም። እኔ እንደሚመስለኝ ጥሩ ተመራማሪ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ሊጠይቅ የሚገባው እነሱን ነው።

በሲዳማ ቅቤ ከእንሰት ምግብ አይለይም። ስለዚህ የወተት ተመራማሪው የቆጮን መብላላትም ማወቅ አለበት፤ እዚያም ሥራውን የሚሠሩት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው።

ሌላው ራስ ምታት ጾም ነው። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ላሟ ግን አትጾምም። ገበያው ሲቀዘቅዝ ገበሬው ጠዋት ያለበውን ወተት የት ያድርገው? ቅቤና አይብ ሳይበላሹ እስከ ፋሲካ የሚቆዩበትን መንገድ ማጥናት ለዚህ ሰው ኑሮ በቀጥታ የሚደርስ ሥራ ነው።