ከሚኒስትሯ ሰንጠረዥ እስከ ቀበሌ ሞንታርቦ፦ በኮሮና ዘመን የድሬዳዋ የጤና መረጃ

ድሬዳዋ ከጅቡቲ በመጣው ሐዲድ ላይ በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሰውና ዕቃ የሚገባባት በር ስለሆነች በሽታም አብሮ ይገባባታል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያመሳቀለው የኅዳር በሽታ እንኳ በዚሁ የባቡር መስመር ሳይመጣ አልቀረም ይባላል። ስለዚህ ኮሮና በ2012 ዓ.ም. ሲሰማ የድሬ ሰው የጠየቀው መቼ እንደሚደርስ፣ በየት በኩል እንደሚገባና ማን እንደሚነግረው ነበር። እዚህ የምናየው የመጨረሻውን ነው። የመንግሥት የጤና መረጃ ከላይ ተነስቶ እስከ መጋላና ቀፊራ ሠፈሮች እንዴት ወረደ? መንገድ ላይስ ምን ቀረ?

ማን ይናገር ነበር?

ድሬዳዋ ክልል አይደለችም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በቻርተር የምትተዳደር፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ከተማ አስተዳደር ናት። ቢሆንም እንደ ክልል የራሷ ጤና ቢሮ አላት። በየቀኑ በሚወጣው አገር አቀፍ ሰንጠረዥ ላይም ከክልሎቹ ጋር በራሷ መስመር ትቀመጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ከተማው 9 የከተማ ቀበሌዎች ነበሩት። ከነሱ ባሻገር ሰፊ የገጠር ክፍል አለ። የመንግሥት ሆስፒታሎቹ ድል ጮራና ሳቢያን ናቸው።

መረጃው የሚጀምረው ከአዲስ አበባ ነው። ዶክተር ሊያ ታደሰ የጤና ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት መጋቢት 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ወንበሩን ሳይለምዱት በማግስቱ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ሰውየው ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚኒስትሯ ዕለታዊ መግለጫ እንደ ዜና ሰዓት የሚጠበቅ ነገር ሆነ። ጤና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቁጥሩን ያወጣሉ። ጤና ቢሮው ወደ ከተማው ያወርደዋል። የከተማው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይቀባበለዋል። ከታች ደግሞ ቀበሌው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና መኪና ላይ የተጫነው ሞንታርቦ አሉ።

ይህ የታችኛው ክፍል ነው ሥራውን የሠራው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ድሬ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ይገናኛሉ። ሐረሪውም አረብኛውም ይጨመርበታል። ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ ሲወጡ ግን አማርኛ ብቻውን ብዙ ርቀት አይወስድም። በአማርኛ የተጻፈ መግለጫ በቴሌግራም መዞሩ ከተማ ውስጥ ላለው ለከዚራ ሠፈር ሰው ይበቃ ይሆናል። ለገጠሯ እናት ግን ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የምትናገር፣ ቤቷን የምታውቅ ባለሙያ ካልደረሰች መግለጫው አልወጣም ማለት ነው።

ሰንጠረዡ ምን ይል ነበር?

መጀመሪያ ላይ መግለጫው እያንዳንዱን ታማሚ ለየብቻ ይገልጽ ነበር። ዜግነቱ፣ ዕድሜው፣ ፆታው፣ ከየት እንደመጣ፣ ከማን ጋር ንክኪ እንደነበረው ይጠቀሳል። ሰዎች እያነበቡ ይወያዩበታል። ቁጥሩ ሲበዛ ይህ አልተቻለም። ባለፉት 24 ሰዓታት ስንት ተመረመረ፣ ስንት ተገኘበት፣ ስንቱ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አለ፣ ስንቱ አገገመ፣ ስንቱ ሞተ የሚል ሰንጠረዥ ተተካ። ከሥሩ የክልሎችና የሁለቱ ከተማ አስተዳደሮች፣ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ፣ ድርሻ ይመጣል።

ለድሬዳዋ ይህ ለውጥ ቀላል አልነበረም። ምክንያቱ ጅቡቲ ናት። ጅቡቲ የመጀመሪያዋን ታማሚ ያገኘችው መጋቢት 9 ቀን ነው። በሚያዝያ ወር ከሕዝብ ቁጥሯ አንጻር ሲታይ በአፍሪካ ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ ገብታ ነበር። ኢትዮጵያ የየብስ ድንበሯን መጋቢት 14 ብትዘጋም ከስደት የሚመለስ ዜጋ ግን መግባቱ አልቀረም። በድንበሯ ከተማ በደወሌ በኩል የሚመጣው ሰው ማረፊያ ያስፈልገዋል። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ስለነበር የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ክፍሎች ለይቶ ማቆያ ሆኑ።

እንግዲህ በሰንጠረዡ ላይ «ድሬዳዋ» በሚለው መስመር የሚጻፈው ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ሊይዝ ይችላል። አንዱ ትናንት ድንበር ተሻግሮ በኳራንቲን ያለ ነው። ሌላው ጠዋት ጠዋት ቀፊራ ሽንኩርት የሚሸጥ ነው። ለነዋሪው የሁለቱ ልዩነት ሰማይና ምድር ነው። «ከኳራንቲን ነው ወይስ ከሠፈር?» የሚለው ጥያቄ ከቁጥሩ ይቀድማል። የጉዞ ታሪክ በመግለጫው ላይ በነበረበት ጊዜ መልሱ ይገኝ ነበር። ሰንጠረዥ ብቻ ሲቀር በአሉባልታ ተተካ። እንደኔ እንደኔ በዚያ ዘመን ከተደረጉት የመረጃ ቁጠባዎች ሁሉ ድሬን የጎዳት ይኸኛው ነው።

ምርመራውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበረው። መጀመሪያ ናሙና ሁሉ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢንስቲትዩቱ ላብራቶሪ ነበር የሚሄደው። ከድሬ አዲስ አበባ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በኋላ በየአካባቢው ላብራቶሪዎች ሲከፈቱ በምሥራቁ በኩል የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ተቀላቀለ። ውጤት የሚጠበቅበት ጊዜም አጠረ።

ሕጉ ሲመጣ

መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ማስፈጸሚያ ደንቡ ከተራ ነዋሪ ሕይወት ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ብዙ ነገር ነበረው። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። መጨባበጥ ተከለከለ። በአደባባይ ያለ ማስክ መሄድ አይቻልም። የሕዝብ ማመላለሻ የወንበሩን ግማሽ ብቻ ይጭናል። ድሬ የባጃጅ አገር ናት፤ ሦስት ሰው የምትጭን ባጃጅ ግማሿ ስንት እንደሆነ ይህን ጊዜ የሹፌርም የተሳፋሪም ክርክር ሆነ ቢባል ማን ይገረማል? ደንቡን የጣሰ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ከ1 ሺህ እስከ 200 ሺህ ብር ቅጣት ይጠብቀው ነበር።

ክልከላው ሁሉም ጆሮ ደርሷል። ጥበቃው ግን ያን ያህል አልደረሰም። ያው ደንብ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይ እንዳይጨምር ይከለክል ነበር። አሠሪም ሠራተኛ እንዳያባርር ይላል። ለለገሀሬ ወይም ለገንደ ቆሬ ሠፈር ተከራይ ከዚህ የበለጠ ዜና የለም። ሞንታርቦው ላይ ግን «እጅዎን ይታጠቡ» የሚለውን ያህል አልተደጋገመም።

በዓላቱ በአዋጁ መሐል ወደቁ። የፋሲካ ሌሊት ሚያዝያ 11 ነበር። ረመዳን ሚያዝያ 16 ገባ። ክርስቲያኑ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታተለ፣ ሙስሊሙ ተራዊሕ ቤቱ ሰገደ። እዚህ ላይ የሃይማኖት አባቶች ቃል ከማንኛውም ቢሮ መግለጫ ይልቅ ተሰሚ ነበር። መንግሥትም ይህን አውቆ ተጠቅሞበታል። በርጫው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙቀት ሲተኛ ጓደኛሞች ክብ ሠርተው ጫት የሚቅሙበት ልማድ በአንድ ደንብ አይበተንም። በር ተዘግቶ የሚደረግ ነገር ደግሞ ለቁጥጥርም ለመረጃም አይመችም።

ውሃ፣ ጀሪካንና ትንኝ

ስለ ድሬዳዋ የኮሮና ዘመን ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው። ከተማዋ ኮሮና ከመምጣቱ ከወራት በፊት ሌላ ወረርሽኝ አስተናግዳ ነበር። ከ2011 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2012 መጀመሪያ ድረስ ቺኩንጉንያ ከተማውን አልጋ ላይ ጣለው። ከ40 ሺህ በላይ ሰው መታመሙ ተመዝግቧል። ገዳይ የሚባል በሽታ አይደለም። ነገር ግን መገጣጠሚያን ቆልፎ ይይዛል፤ ጣት ማጠፍ እንኳ ያስቸግራል። ከዚያም በፊት በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ዴንጊ ገብቶ ከ11 ሺህ በላይ ሰው አሞ ነበር።

ሁለቱንም የሚያስተላልፈው ኤዴስ የተባለው ትንኝ ነው። የሚራባው በንጹሕ የተጠራቀመ ውሃ ላይ ነው። በርሜል፣ ባልዲ፣ ያረጀ ጎማ፣ የአበባ ማስቀመጫ ይበቃዋል። ድሬ ደግሞ ውሃ የምታገኘው ከከርሰ ምድር ነው፤ ዋናዎቹ ጉድጓዶች ሳቢያን አካባቢ ናቸው። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ሰው ያጠራቅማል። ባያጠራቅም ይቸገራል። ስለዚህ በ2011 የጤና ባለሙያዋ ቤት ለቤት እየዞረች የምትለው «ውሃ ከፍታችሁ አታስቀምጡ፣ ያልተከደነውን ድፉ» ነበር።

ከወራት በኋላ ያቺው ባለሙያ ያንኑ በር አንኳኳች። አሁን የምትለው «ደጃችሁ ላይ ውሃና ሳሙና አስቀምጡ፣ ቶሎ ቶሎ ታጠቡ» ነው። ቧንቧ የተገጠመላቸው ጀሪካኖች በየሱቁና በየቢሮው በር ተደረደሩ። ሁለቱ ምክሮች ትክክል ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን መሐላቸው መያያዣ ይፈልጋሉ፦ ታጠቡ፣ ግን ክደኑ፤ ከሥር የሚጠራቀመውን እጣቢ ድፉ። ከአዲስ አበባ የሚወጣ መግለጫ ይህን አይልም፤ አዲስ አበባ የኤዴስ ችግር የለባትም። ሊል የሚችለው የከተማው ጤና ቢሮ ነው። የአካባቢ መግለጫ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው። የላይኛውን ቁጥር መልሶ ማንበብ ማንም ይችላል።

ሌላም ነበር። ድሬ ላይ «ኮሮና ሙቀት አይወድም» የሚል ወሬ ብዙ ሰሚ አገኘ። ለምን አያገኝም? የሚፈላ ከተማ ነዋ። የዓለም ጤና ድርጅት ሙቀት ቫይረሱን እንደማይከለክል ደጋግሞ ተናገረ። ጎረቤት ጅቡቲ ከድሬ የባሰ ሙቀት ውስጥ ሆና ታማሚዋ መብዛቱ ከማንኛውም ትምህርት በላይ አስረጂ ነበር። የሎሚና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ግን ለትምህርት ግድ አልነበረውም፤ ወረርሽኙ እንደተሰማ አሻቀበ።

በዚህ ሁሉ መሐል ማንም ያላመለጠው አንድ መልእክት ነበር። ስልክ ሲደወል ከጥሪው በፊት የሚሰማው የኢትዮ ቴሌኮም የኮሮና ማሳሰቢያ። መጀመሪያ ይሰማል፣ ከዚያ ያሰለቻል፣ በመጨረሻ ጆሮ ይዘለዋል። ነጻ የስልክ መስመሩ 8335 የሚለውን ቁጥር ብዙ ሰው በቃሉ የያዘው ግን በዚህ ድግግሞሽ ነው።

የቀሩት አገልግሎቶች

ሰው ሆስፒታል ፈርቶ ነበር። ሄጄ ይዤው እመለሳለሁ ብሎ ቀጠሮ የዘለለ ብዙ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት ለብዙ ወራት በአንዴ እንዲሰጥ መደረጉ ጥሩ ውሳኔ ነበር። የሕፃናት ክትባት፣ የነፍሰ ጡር ክትትል፣ የቲቢ ሕክምና ግን በአካል መገኘት ይጠይቃሉ። በዕለታዊው መግለጫ ላይ የሞተና ያገገመ አለ። የትኛው ጤና ጣቢያ ክትባት እየሰጠ እንደሆነ የለም። አንዲት አራስ የሚያስፈልጋት ሁለተኛው ነው፤ እሱን የምትሰማው ከጎረቤት ነው።

የምግብ እርዳታው በሌላ መንገድ ሄደ። ማዕድ ማጋራት በሚል ጥሪ ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና በየቀበሌው ተሰበሰበ። የቀን ሠራተኛና ተሸካሚ በሚበዛበት ከተማ ይህ የጤና ሥራም ነበር። ያልበላ ሰው ቤት አይቀመጥም።

የሐረር መንገድ

ከድሬ ሐረር የአንድ ሰዓት ገደማ መንገድ ነው። ደንገጎን ይወጣል፣ ሐረማያንና አወዳይን ያልፋል። በዚህች አጭር ጉዞ ሦስት አስተዳደር ይረገጣል፤ ድሬዳዋ፣ ኦሮሚያ፣ ሐረሪ። ሦስቱም የየራሳቸው ጤና ቢሮ አላቸው። በመጋቢት መጨረሻ አንዳንድ ክልሎች የሕዝብ ማመላለሻን በየራሳቸው ሲያግዱ፣ አንዱ ጋ የተፈቀደ ሌላው ጋ ሊከለከል የሚችልበት ሁኔታ ተፈጠረ። አገር አቀፉ አዋጅ ሲመጣ ቢያንስ ዋናው ሕግ አንድ ሆነ። በሽተኛው ግን መጀመሪያም ወሰን አልቆጠረም። ሐረር ያለው የሕይወት ፋና ሆስፒታል የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የምሥራቅ ሐረርጌውም፣ የሶማሌውም፣ የድሬውም ሰው ይታከምበታል።

ከአዋጁ በኋላ

አዋጁ በ2012 ማብቂያ ጊዜው አለፈ። ክልከላዎቹ ላልተው በመመሪያ ቁጥር 30/2013 ቀጠሉ፤ ማስክ ማድረግና ርቀት መጠበቅ ግዴታ ሆነው ቆዩ። የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ የአስትራዜኔካ ክትባት የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. አገር ገባ። መስጠት የተጀመረው መጋቢት 4 ነው፤ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ። በዚያን ጊዜ ዕለታዊውን ሰንጠረዥ የሚከታተለው ሰው ተመናምኗል። የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን ያወጀው በሚያዝያ 2015 ነው።

ድሬዳዋ ግን ያን ያህል አልጠበቀችም። በ2014 ዓ.ም. ወባ ተነሳባት፣ ያውም በበጋ። ምክንያቱ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለ ከእስያ የመጣ ትንኝ ነው። ከለመድነው የወባ ትንኝ በተለየ ረግረግ አይፈልግም፤ እንደ ኤዴስ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ይራባል። ከተጠቁት ውስጥ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩበት፤ ከሁለት ዓመት በፊት የጅቡቲ ተመላሾች ያረፉበት ግቢ። ለዚህኛው በሽታ ግን ሚኒስትር በየቀኑ ሰንጠረዥ አላወጣለትም። ሪፖርቱ በየሳምንቱ ከጤና ጣቢያ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ኢንስቲትዩቱ ይወጣል። ወደ ቀበሌ የሚመለስበት መንገድ በኮሮና ጊዜ ከነበረው ይጠባል፤ በርሜሏን የምትከድነው ሴትዮ ያለችው ግን ቀበሌ ነው።