አፊሊየት ምንድን ነው? ከጣና ወደብ እስከ ጎግል በር

ባሕር ዳር ወደብ አካባቢ ካሜራ አንግታችሁ ትንሽ ቆም ካላችሁ አንድ ልጅ ይጠጋችኋል። «ዘጌ ነው? ክብራን? ጀልባ አለ።» ጀልባው የእሱ አይደለም። እሱ ያለው የባለ ጀልባው ስልክ ነው። ተስማምታችሁ ከተሳፈራችሁ ባለ ጀልባው የድርሻውን ይሰጠዋል። ካልተሳፈራችሁ ምንም የለም፣ የቀኑ ፀሐይ ብቻ ይተርፈዋል።

አፊሊየት ይኸው ነው። ድለላ። እዚህ ደላላው ድረ ገጽ ነው፣ ጀልባው ደግሞ ሌላ ሰው የሚሸጠው ዕቃ።

ስለ አንድ ዕቃ ትጽፋላችሁ፣ ከሥሩ ሊንክ ታስቀምጣላችሁ። ሊንኩ ውስጥ የእናንተ መለያ አለ። አንባቢው ነክቶት ሱቁ ሲደርስ ሱቁ «ይህን ሰው ያመጣው እገሌ ነው» ብሎ ይይዛል። ከገዛ ኮሚሽን ታገኛላችሁ። አማዞን ይህን አሠራር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ሊንኩ ግን በተለምዶ የሚሠራው ለ24 ሰዓት ነው። ሰውዬው ዛሬ አይቶ፣ አስቦበት፣ ከሦስት ቀን በኋላ በራሱ ተመልሶ ቢገዛ ደላላው ባዶ እጁን ይቀራል። በዚህስ የወደቡ ልጅ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ መልካችሁን አይረሳም።

እንግዲህ ሥራው ያለው ሰው በማምጣቱ ላይ ነው። በሙያው ቋንቋ «ትራፊክ» ይሉታል። እኛ ጋ ትራፊክ ሲባል ባጃጅ የሚያስቆመው ፖሊስ ነው ትዝ የሚለን፣ እዚህ ግን ወደ ገጻችሁ የሚገባው ሰው ማለት ነው። አብዛኛው አፊሊየት ይህን ሰው የሚጠብቀው ከጎግል ነው። አንድ ሰው «ለወፍ ማያ የሚሆን ጥሩ ባይኖኩላር» ብሎ ይፈልጋል፣ ገጻችሁ ከላይ ይወጣል፣ ይገባል። በነጻ።

ችግሩም እዚያው ነው። ጢስ ዓባይ እንግዳ ወስዳችሁ «ፏፏቴው የታለ?» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተብያለሁ። ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ውሃው የሚለካው ግን ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ ባሉት በሮች ነው። ከዚያም ላይ ኃይል ማመንጫው የራሱን ይወስዳል። ፏፏቴው ዳር ሻይ የምታፈላ ሴት በሩ መቼ እንደሚከፈት የሚጠይቃት የለም። የአፊሊየት ድረ ገጽም እንደሷ ነው። በሩ ጎግል እጅ ነው ያለው።

ጎግል በሩን ደጋግሞ አስተካክሏል። እ.ኤ.አ. በ2011 «ፓንዳ» የተባለው ለውጥ ፍሬ የሌላቸውን ገጾች አወረደ። በ2012 «ፔንግዊን» በማታለያ ሊንክ ራሳቸውን ወደ ላይ የሚያወጡትን ያዘ። በ2021 የዕቃ ግምገማዎችን ለብቻቸው መመዘን ጀመረ።

ዋናው ግን መጋቢት 2024 ነው። ያን ጊዜ ሦስት ነገሮች በስማቸው ተጠርተው ተከለከሉ። አንደኛው፣ በፍለጋ ውጤት ከላይ ለመውጣት ሲባል ብቻ በሺህ የሚቆጠር ገጽ በጅምላ ማምረት ነው፤ ማሽን ጻፈው ሰው ጻፈው ለውጥ የለውም። ሁለተኛው፣ ባለቤቱ የተወውን የድሮ ድረ ገጽ ስም ገዝቶ በሰውዬው መልካም ስም መነገድ ነው። ትናንት የትምህርት ቤት የነበረ አድራሻ ዛሬ የቁማር ሊንክ ሲሞላው ማለት ነው። ሦስተኛው እኔን በጣም ይገርመኛል። ስመ ጥር የሆነ ድረ ገጽ አንዱን ጓዳውን ለሌላ ያከራያል፣ ተከራዩ በአከራዩ ስም ከላይ እየወጣ የቅናሽ ኩፖን ይቸበችባል። የከተማው ትልቅ ሆቴል ስሙን በበሩ ላይ ላለ ሱቅ እንዳዋሰ ቁጠሩት።

«ጎግል አፊሊየትን ከልክሏል» የሚለው ወሬ ግን ልክ አይደለም። የሚጥለው የሻጩን መግለጫ ገልብጦ ሊንክ ብቻ የሚለጥፈውን ነው። ሊንኩ ላይ «ስፖንሰርድ» (የተከፈለበት) የሚል ምልክት በኮዱ ውስጥ እንዲገባም ይጠይቃል፣ ከ2019 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ግምገማ ከሆነ ደግሞ ዕቃውን በእጃችሁ እንደነካችሁት የሚያሳይ ፎቶ፣ ከሌላ ዕቃ ጋር ማወዳደር፣ ጉድለቱንም መናገር ይፈልጋል።

አንድ ጓደኛ አለኝ፣ ወፍ ለማየት ወደ ጣና ለሚመጡ የውጭ ሰዎች በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ገጹ ላይ ብዙ ባይኖኩላር አለ። አብዛኞቹን ነክቷቸው አያውቅም፣ እሱም አይደብቅም። ሰው የሚያነብለት ግን አንዱን ብቻ ነው። ማለዳ ጀልባ ላይ ያነሳው ፎቶ አለበት፤ መስታወቱ በጭጋግ ታፍኖ ከፊት ያለው ፔሊካን ነጭ ጨርቅ መስሏል። ከሥሩ «ለጣና ማለዳ አይሆንም» ብሎ ጽፏል። አስቂኙ ነገር፣ ሰው ሊንክ የሚነካው እዚያው ገጽ ላይ ካለው ከሌላው፣ ጭጋግ ከማይዘው ባይኖኩላር ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። ከግንቦት 2024 ጀምሮ፣ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ፣ ጎግል በኤአይ የተጠናቀረ መልስ ከላይ ማሳየት ጀመረ። መልሱን እዚያው ያገኘ ሰው ወደ ገጻችሁ የሚገባበት ምክንያት ይቀንሳል። ብልጦቹ ለዚህ ነው ከአንድ በር በላይ የሚፈልጉት። ቴሌግራም ቻናል፣ ዩቲዩብ፣ የኢሜይል ዝርዝር። ኢሜይል ላይ ግን ተጠንቀቁ። አማዞን የአፊሊየት ሊንኩን ኢሜይል ውስጥ መክተት ለዓመታት አይፈቅድም ነበር፤ የአሁኑን ደንቡን ሳታዩ አትላኩ። ወደ ራሳችሁ ገጽ አምጧቸው፣ ሊንኩ እዚያ ይጠብቃቸው።

ጓደኛዬ ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጀልባ ተከራይቷል። ሁለት ባይኖኩላር ተውሷል። ወደቡ ላይ ያ ልጅ «ዘጌ ነው?» ብሎ ሲጠጋው ምን እንደሚለው እያሰበ ይስቃል።