የወለል ጭነት አቅም ምንድን ነው? ቤተ መጻሕፍት ከመታደሱ በፊት መታወቅ ያለበት ቁጥር

ስለ ቤተ መጻሕፍት እድሳት ሲወራ ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ ከብርሃን፣ ከመቀመጫና ከመስታወት ይጀምራል። መጀመር ያለበት ግን ከወለሉ ነው። የወለል ጭነት አቅም ማለት አንድ ወለል ከራሱ ክብደት በላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ እንዲሸከም የተሰላለት ክብደት ነው። ሶሌታው (የኮንክሪት ወለሉ)፣ ትራቬው (ወለሉን የሚሸከመው አግዳሚ)፣ ንጣፉና ኮርኒሱ ቋሚ ጭነት ናቸው። ሰው፣ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያና መጽሐፍ ደግሞ ኢንጂነሮች ላይቭ ሎድ በሚሉት ውስጥ ይገባሉ። መለኪያው ኪሎኒውተን በካሬ ሜትር ነው፤ አንድ ኪሎኒውተን ወደ 100 ኪሎ ግራም ስለሚጠጋ፣ «3 ኪሎኒውተን» ሲባል በካሬ 300 ኪሎ ብሎ ማሰብ ይበቃል።

ቁጥሩ በአንድ ሕንፃ ውስጥ እንኳ ከክፍል ክፍል ይለያያል። ኤኤስሲኢ 7 የተባለው የአሜሪካ የጭነት ስታንዳርድ ለቢሮ 2.4፣ ለላይብረሪ ማንበቢያ ክፍል 2.87፣ ለመጽሐፍ ማከማቻ 7.18 ኪሎኒውተን ይጠይቃል። የአውሮፓው ዩሮኮድ ለማንበቢያ 3፣ ለመጽሐፍ ማከማቻ 7.5 ይመክራል። መጽሐፍ የሚቆምበት ወለል አንባቢ ከሚቀመጥበት ሁለት እጥፍ ተኩል መሸከም አለበት ማለት ነው። የእድሳት ችግር ሁሉ የሚፈልቀው ከዚህ ልዩነት ነው፤ እድሳት በባሕርዩ ክፍሎችን የማቀያየር ሥራ ነውና።

ስለ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪዎች፣ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲን ዋና ላይብረሪ ጨምሮ፣ «አርክቴክቱ የመጽሐፉን ክብደት ስለረሳ ሕንፃው እየሰመጠ ነው» የሚል ወሬ ከተማሪ ተማሪ ሲተላለፍ ኖሯል። ተረት ነው። ላይብረሪ ተብሎ የተሠራ ሕንፃ ላይ የመጽሐፍ ክብደት መጀመሪያ ከሚሰሉት ነገሮች አንዱ ነው። የሚያሰጋው ለማንበቢያ፣ ለቢሮ ወይም ለሱቅ ተብሎ የተሠራ ወለል ከዓመታት በኋላ መደርደሪያ ሲቆምበት ነው።

አንድ መደርደሪያ ስንት ይመዝናል?

ስሌቱ ቀላል ስለሆነ ማንም የላይብረሪ ኃላፊ በወረቀት ሊሠራው ይችላል። 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በፊትም በኋላም መጽሐፍ የሚይዝ፣ በእያንዳንዱ ጎን 7 እርከን ያለው የብረት መደርደሪያ እንውሰድ። 14 እርከን በ0.9 ሜትር ሲባዛ 12.6 ሜትር ርዝመት ያለው የመጽሐፍ ሰልፍ ይሆናል። የተለመደ ስብስብ በአንድ ሜትር ወደ 40 ኪሎ ስለሚመዝን መጽሐፉ ብቻ 504 ኪሎ ነው፤ ብረቱ 100 ኪሎ ገደማ ሲጨመርበት 600 ያልፋል። መደርደሪያው 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከጎኑ ደግሞ 90 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ካለው የሚይዘው ቦታ 1.35 ካሬ ነው። በካሬ ወደ 450 ኪሎ፣ ማለትም 4.4 ኪሎኒውተን ይመጣል። በሜትር 55 ኪሎ የሚመዝኑ የተጠረዙ ጆርናሎች ከሆኑ ወደ 5.8 ይወጣል። መተላለፊያው ላይ ሰውና የተጫነ የመጽሐፍ ጋሪ ሲጨመር ስታንዳርዱ ለምን ከ7 በላይ እንደጠየቀ ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያልፉት ነገር አለ። የአሜሪካው 7.18 ቅድመ ሁኔታ አለው፤ መደርደሪያው የማይንቀሳቀስ፣ ቁመቱ ከ2.29 ሜትር ያልበለጠ፣ የአንዱ ጎን ጥልቀት ከ30.5 ሳንቲ ሜትር ያላለፈ፣ መተላለፊያውም ከ91.4 ሳንቲ ሜትር ያልጠበበ መሆን አለበት። ከእነዚህ አንዱ ሲፈርስ ቁጥሩም ይፈርሳል። «ወለላችን ለማከማቻ የተሠራ ነው» ማለት የፈለጉትን ያህል መደርደር ይቻላል ማለት አይደለም።

ቅድመ ሁኔታውን ከሁሉ በላይ የሚያፈርሰው በሐዲድ ላይ የሚንሸራተተው ተጠጋጊ መደርደሪያ ነው። ቦታ ይቆጥባል፤ ለአሥር ረድፍ አንድ መተላለፊያ ይበቃዋል። ነገር ግን የመተላለፊያው ባዶ ቦታ ሲጠፋ ክብደቱን የሚካፈለው ወለልም አብሮ ይጠፋል። ያው የ600 ኪሎ መደርደሪያ በሐዲዱ ላይ ከሚያንሸራትተው ጋሪ ጋር 640 ኪሎ ሆኖ 0.57 ካሬ ላይ ያርፋል፤ ይህ ከ11 ኪሎኒውተን በላይ ነው። ጆርናል ከሞላበት 14.4 ይደርሳል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ማከማቻ ወለሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 14.5 ኪሎኒውተን እንዲችል ይሰላል። ያለ ጥናት የላይኛው ፎቅ ላይ ማስገባት የሚያስከስስ ስህተት ነው። ትክክለኛ ቦታው ከሥሩ አፈር ያለበት ወለል ነው፤ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ2011 የተከፈተው፣ አርክቴክት ሄልሙት ያን የነደፈው የማንሱዌቶ ቤተ መጻሕፍት 3.5 ሚሊዮን ጥራዝ የሚይዘውን አውቶማቲክ ማከማቻ ከመሬት በታች አድርጎ አንባቢዎቹን ከላይ በመስታወት ጉልላት ሥር አስቀምጧል፤ ለክብደቱም የሚመቸው ይህ ነው።

ዛሬ በየቦታው የሚታየው ዝቅተኛ መደርደሪያም ከዚሁ ስሌት ጋር ይያያዛል። በእያንዳንዱ ጎን 3 እርከን ብቻ ሲኖረው መደርደሪያው ከነመጽሐፉ ወደ 266 ኪሎ ይመዝናል፤ መተላለፊያውን 1.2 ሜትር ስናደርገው ጭነቱ 1.6 ኪሎኒውተን ገደማ ይሆናል። ለማንበቢያ በተሠራ የ3 ኪሎኒውተን ወለል ላይ ሰው የሚቆምበት ትርፍ ይቀራል ማለት ነው። በ2018 የተከፈተው የሄልሲንኪው ኦዲ ቤተ መጻሕፍት ወደ 100,000 የሚጠጉ መጻሕፍቱን የያዘው በላይኛው ፎቅ፣ ዝቅ ባሉ መደርደሪያዎች ነው። ዝቅተኛ መደርደሪያ ለዓይንም ለተሽከርካሪ ወንበርም እንደሚመች ሁሉም ይናገራል፤ አሮጌ ቢሮን ወደ ላይብረሪ ለሚቀይር ሰው ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ክብደቱ ነው።

መስበር ብቻ አይደለም፤ መርገብም አለ

የአንባቢ ክብደት ጠዋት ገብቶ ማታ ይወጣል። መጽሐፍ ግን ሌሊትም ዓመት በዓልም እዚያው ነው። ዩሮኮድ ይህን በቁጥር ያስቀምጠዋል፤ ለረጅም ጊዜ ስሌት ከቢሮ ጭነት 30 በመቶው፣ ከመሰብሰቢያ 60 በመቶው፣ ከማከማቻ ግን 80 በመቶው ሁልጊዜ እንዳለ ይቆጠራል። ኮንክሪት ደግሞ የማያቋርጥ ጭነት ሲኖርበት በዝግታ መርገቡን (ወደ ታች መጎበጡን) ይቀጥላል። ዛሬ 8 ሚሊ ሜትር የረገበ ሶሌታ ከአምስት ዓመት በኋላ 20 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ከሥሩ ያለው የጡብ ክፍልፋይ ይሰነጠቃል። ተንሸራታች መደርደሪያ ካለ ጋሪዎቹ በራሳቸው ወደ ወለሉ መሃል መንሸራተት ይጀምራሉ። ለተራ ወለል በላይቭ ሎድ ምክንያት የሚፈቀደው መርገብ የርዝመቱ 1/360 ነው፤ በ7.2 ሜትር ርዝመት 20 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ለሐዲድ ይህ በጣም ብዙ ነው። ወለሉ ላይሰበር ይችላል፣ መደርደሪያው ግን አይሠራም።

ማከማቻን ወደ ንባብ ክፍል መቀየርስ?

ከክብደት አንጻር ቀላሉ አቅጣጫ ይሄ ነው። 7.2 የሚችል ወለል ላይ ጠረጴዛ ማስቀመጥ የሚያሳስብ አይደለም። የሚያጣብቀው ጣሪያው፣ የመውጫ ደረጃውና አየሩ ነው። አሮጌ ማከማቻዎች ላይ ግን ከዚህ የከፋ ነገር አለ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በተሠሩ ብዙ ላይብረሪዎች መደርደሪያው የሕንፃው አካል ነው፤ የመደርደሪያው የብረት ቋሚዎች ከላያቸው ያሉትን ቀጫጭን ወለሎች ይሸከማሉ። መደርደሪያውን ንቀሉ ማለት ኮለን (የሕንፃውን ምሰሶ) ንቀሉ ማለት ነው። በ1911 በተከፈተው የኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዋና ሕንፃ ሰባት ደረጃ ያለው የብረት ማከማቻ ከላዩ ያለውን ታላቁን የንባብ አዳራሽ ተሸክሞ ቆሟል። ማከማቻውን አንስቶ በቦታው የሚያውስ ቤተ መጻሕፍት ለማስገባት የወጣው ዕቅድ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2014 ተትቷል። በኦክስፎርድ ግን ተችሏል፤ ጊልበርት ስኮት የነደፈው አሥራ አንድ ደረጃ ማከማቻ ያለው ሕንፃ ዊልኪንሰን አየር በተባለ የአርክቴክቶች ድርጅት ታድሶ በ2015 ዌስተን ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ተከፍቷል። የተቻለው ግን ብዙ መጽሐፍ አስቀድሞ ስዊንደን ወደተሠራ መጋዘን ስለተዛወረ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ መጽሐፉ የሚሄድበት ቦታ ይገኛል፣ ሕንፃው ከዚያ ይነካል።

አቅሙን እንዴት ማወቅ ይቻላል?

መጀመሪያ የስትራክቸር ሥዕሎች ይፈለጋሉ፤ የላይቭ ሎዱ ቁጥር ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ገጽ ማስታወሻ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሥዕል ከሌለ የፌሮው አቀማመጥና ብዛት በስካነር ይነበባል፣ በጥቂት ቦታዎች ኮንክሪቱ ተፍቆ ውፍረቱ ይረጋገጣል፣ ከሶሌታውና ከትራቬው የሲሊንደር ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ ይጨመቃል። ስካነር የፌሮን ቦታ በደንብ ያሳያል፤ የፌሮን ጥንካሬ ግን አያሳይም፣ ስለዚህ የፌሮ ናሙና ተቆርጦ ካልተፈተነ ጥንካሬውን በጥንቃቄ መገመት ያስፈልጋል። «ሠላሳ ዓመት ሲሸከም ኖሯል» የሚለው ክርክር ዋጋ የሚኖረው ወደፊትም በዚያው ቦታ ያው ክብደት የሚቀጥል ከሆነ ብቻ ነው።

ከተገኘው ቁጥር ላይ እድሳቱ ራሱ የሚበላው ይቀነሳል። ይህ ተደጋግሞ ይረሳል። ወለል ለማስተካከል የሚፈስ 5 ሳንቲ ሜትር የሲሚንቶ ንጣፍ ብቻውን 1.2 ኪሎኒውተን ገደማ ነው፤ የ3 ኪሎኒውተን ወለል 40 በመቶው በአንድ ቀን አለቀ ማለት ነው። የድንጋይ ንጣፍ፣ የመስታወት ክፍልፋይና አፈር የሞላ የአትክልት ሣጥን ከዚያ ይቀጥላሉ። ከሲሚንቶ ንጣፍ ይልቅ በቀላል ከፍ ያለ ወለል ማስተካከል፣ ወይም አሮጌውን ንጣፍ አንስቶ በአዲስ መተካት የተሻለ ነው።

ወለሉ ካልበቃ ማጠናከር ይቻላል፤ ግን እያንዳንዱ ዘዴ የሚፈታው ችግር የተለየ ነው። ከሥር የሚለጠፍ የካርቦን ፋይበር ጥብጣብ የሶሌታውን የመታጠፍ አቅም ይጨምራል፤ መርገብን ግን ብዙ አይቀንስም፣ ማጣበቂያውም በእሳት ጊዜ ቶሎ ስለሚለሰልስ መከላከያ ይፈልጋል። ትራቬ በሌለው ሶሌታ ላይ ደግሞ አደጋው ወለሉ በኮለኑ ራስ ዙሪያ ተበስቶ መውረዱ ስለሆነ ጥብጣቡ ለዚያ አይረዳም፤ የኮለኑን ራስ ማስፋት ወይም የብረት አንገት ማሰር ያስፈልጋል። ከሥር የብረት ትራቬ መጨመር ጥንካሬንም ግትርነትንም ይሰጣል፤ ግን የታችኛውን ክፍል ጣሪያ ዝቅ ያደርጋል። በሁሉም ዘዴ ክብደቱ እስከ መሠረቱ ተከታትሎ መሰላት አለበት። ብርሃን ለማስገባት መሃል ወለሉን ቀዶ ክፍት ማድረግም እንዲሁ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር ተያይዞ ይሠራ የነበረ ሶሌታ ጫፉ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ከተቀደደው ላይ የተነሣው መጽሐፍም ሌላ ወለል ላይ ይከመራል።

የመሬት መንቀጥቀጥ ባለበት አካባቢ ሌላ ስሌት ይጨመራል። ኤኤስሲኢ 7 የማከማቻን ላይቭ ሎድ ቢያንስ 25 በመቶ ሕንፃው ሲናወጥ አብሮ እንደሚናወጥ ክብደት ይቆጥረዋል፤ የንባብ ክፍልን ግን አይቆጥርም። ማከማቻን ወደ ላይኛው ፎቅ ማውጣት ስለዚህ ወለሉ ቢችል እንኳ ኮለኑን ያስጨንቃል። ረጃጅም መደርደሪያዎችም ከወለል በብሎን፣ ከላይ ደግሞ እርስ በርስ መታሰር አለባቸው።

ብዙ ጥንቃቄ ተደርጎ የተሰላ ወለል የሚጎዳው አንዳንዴ በዝውውሩ ሳምንት ነው። 18 ኪሎ የሚመዝኑ 40 ካርቶኖች አንድ 1.2 በ1 ሜትር ፓሌት ላይ ሲደረደሩ 720 ኪሎ፣ ማለትም 5.9 ኪሎኒውተን ነው። እነዚህ ፓሌቶች አብዛኛውን ጊዜ «ለጊዜው» ተብለው የሚቆሙት ሰፊ በሆነው በንባብ አዳራሹ መሃል፣ ወለሉ በጣም በሚታጠፍበት ቦታ ነው። የፓሌት መጎተቻው ጎማ ደግሞ ክብደቱን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ላይ ይሰበስበዋል። የዝውውር ዕቅድ ከመጻፉ በፊት ኢንጂነሩ ፓሌት የሚቆምበትን ቦታ፣ በስንት ሜትር ርቀትና በምን መንገድ እንደሚገፋ በወለል ሥዕል ላይ ማስመር አለበት፤ ሥፍራው ብዙ ጊዜ ኮለንና ትራቬ ላይ ነው።

ሥራው ሲያልቅ የተፈቀደው ጭነት በየማከማቻው በር ላይ በሰሌዳ ይለጠፍ፤ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ከነቅድመ ሁኔታው፦ የመደርደሪያ ቁመት፣ የመተላለፊያ ስፋት፣ የሚንቀሳቀስ መደርደሪያ ይፈቀድ ወይም አይፈቀድ። ስብስቡ ሲያድግና ቦታ ሲጠብ መተላለፊያውን አጥብቦ አንድ ረድፍ ለመጨመር የሚወስነው ሰው ሥዕሉን ላያይ ይችላል፤ በሩን ግን በየቀኑ ያልፍበታል።