የኤዲቶሪያል ነፃነት ምንድን ነው?

«ባለቤቱ አንድም ዜና አላስቀረም፤ ስለዚህ ጋዜጣው ነፃ ነበር።» ስለ ጋዜጣ ቤት የተጻፈ ልብ ወለድ የገመገመ ሰው እንዲህ ማለቱን ሳነብ ዝም ማለት አቃተኝ። በልብ ወለድ ስግብግቡ ባለቤት በር በርግዶ ገብቶ «ይህ አይወጣም!» ይላል፤ ሐቀኛው ዘጋቢም ይጋፈጠዋል። ለትረካ ይመቻል። የኤዲቶሪያል ነፃነት፣ ማለትም የዜና ክፍሉ ምን እንደሚጻፍ በራሱ የመወሰን ነፃነት፣ ግን አንድም ዜና ሳይታገድ ሊጠፋ ይችላል።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 1999 የአሜሪካው ጋዜጣ ሎስ አንጀለስ ታይምስ የእሑድ መጽሔቱን በሙሉ ስለ ከተማው አዲስ የስፖርት ማዕከል፣ ስለ ስቴፕልስ ሴንተር፣ አደረገው። 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የማስታወቂያ ገቢ ገባ። ጋዜጣው ትርፉን ከማዕከሉ ጋር ሊካፈል ተዋውሎ ነበር። ጽሑፎቹን ያዘጋጁት ጋዜጠኞች ይህን አያውቁም፤ አንባቢውም አልተነገረውም።

«ታዲያ የተጻፈው ውሸት ነበር?» ይሉኛል። ጥያቄው ራሱ ስቷል። የኳስ ዳኛን አስቡ። አበል ይከፈለዋል፤ በዚህ ማንም አይወቅሰውም። ከአንዱ ቡድን ጋር ገቢ ሊካፈል ቢዋዋልስ? ፊሽካውን ሁሉ በትክክል ነፍቶ ሊሆን ይችላል። ተመልካቹ ግን ውሉን የሰማ ዕለት ያቺን ፍጹም ቅጣት ምት እንደገና ያስባታል፤ ከዚያ በፊት የዳኘውን ጨዋታም ሁሉ። የሎስ አንጀለሱ ይብሳል፤ ዳኛው ሳያውቅ ፌዴሬሽኑ በስሙ ፈርሞበታል።

ማስታወቂያ የሚያወጣ ጋዜጣ ሁሉ ተሸጧል የሚሉም አሉ። አልተሸጠም። ጋዜጣ የሚኖረው በማስታወቂያ ጭምር ነው፤ ዋናው ነገር ከፋዩ ማን እንደሆነ መታወቁና ስለሚጻፈው አለመወሰኑ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን በዜና ክፍሉና በማስታወቂያ ክፍሉ መካከል ያለው ግድግዳ ፍጹም ሆኖ አያውቅም። የዕለቱን የገጽ ብዛት ብዙ ጊዜ የሚወስነው የተሸጠው ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ ሲያንስ የሚቆረጠው የዘጋቢው ጽሑፍ ነው፤ ይህም ጣልቃ ገብነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ውሉ ሲጋለጥ ከ300 የሚበልጡ የጋዜጣው ባልደረቦች በተቃውሞ ፈረሙ፤ አሳታሚዋም ይቅርታ ጠየቁ። በዲሴምበር ደግሞ ጋዜጣው የራሱን ጥፋት የሚተነትን 14 ገጽ ዘገባ አተመ። የጻፈው የዚያው ቤት ባልደረባ ዴቪድ ሾው ነው። አርትዖቱን የሠሩት በውሉ ውስጥ እጃቸው የሌለበት፣ ጡረታ የወጡ የቀድሞ ማኔጂንግ ኤዲተር (የዜና ክፍሉን የዕለት ሥራ የሚመራ አርታኢ) ነበሩ።